መተማ ላይ ከመድኃኒቱ በፊት ተባዩ ይለይ

የምዕራብ ጎንደር ቆላ የዓመት ልፋቱን የሚያሳርፈው በመጋዘን ነው። በመስከረምና በጥቅምት ሰሊጡ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማሽላው፣ ከእነሱም ጋር አኩሪ አተሩና ማሾው በጆንያ ተሞልቶ በገንዳ ውሃ፣ በኮኪት፣ በመተማ ዮሐንስና በየቀበሌው ባሉ የቆርቆሮ ቤቶች ይከመራል። ሰሊጡ ዋጋ እስኪያገኝ፣ ማሽላው ቤተሰቡን ለክረምት እስኪያሻግር ድረስ ወራት ይቆያል። ሙቀቱ ለእህሉ ብቻ ሳይሆን ለጥንዚዛውም የተመቸ ነውና፣ እነዚህ ወራት ተባይ የሚራባባቸው ወራት ናቸው። ጥንዚዛ ሲታይ ታዲያ በአብዛኛው ተቀድሞ የሚጠየቀው «ምን መድኃኒት ይደረግበት?» ነው። እኔ የምለው ከዚህ በፊት መጠየቅ የነበረበት አንድ ጥያቄ ተዘልሏል ነው። «የትኛው ጥንዚዛ ነው?» ሳይባል የሚገዛው መድኃኒት፣ የሚታጠነው መጋዘን፣ ለወጪ ምርት የሚጻፈው የጤንነት ምስክር ወረቀት ሁሉ በግምት ላይ የቆመ ነው። ግምቱን በእውቀት ለመተካት የሚያስፈልገው ደግሞ ብዙ አይደለም፤ ገንዳ ውሃ ላይ ማይክሮስኮፕ ያለው አንድ ክፍል፣ ሥራውን የሚያውቁ ሁለት ሦስት ባለሙያዎች፣ በትክክል ስም የተጻፈላቸው ደረቅ ናሙናዎች ስብስብ ይበቃል።

ከዱቄትና ከተሰባበረ እህል የማይጠፉትን ሁለት ቀያይ ጥንዚዛዎች እንውሰድ። በሳይንስ ስማቸው ትሪቦሊየም ካስታኒየም እና ትሪቦሊየም ኮንፊውዘም ይባላሉ። ሁለቱም ርዝመታቸው ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቱም ቀይ ቡናማ፣ ጠፍጠፍ ያሉ፣ ፈጣን ናቸው። መዳፉ ላይ አድርጎ ያየ ሰው አንድ ናቸው ቢል አይፈረድበትም። ልዩነታቸው ያለው ጭንቅላታቸው ላይ ነው። የካስታኒየም አንቴና እስከ ጫፉ አካባቢ ቀጭን ሆኖ ሄዶ የመጨረሻዎቹ ሦስት አንጓዎች በድንገት ይወፍራሉ፤ የኮንፊውዘም አንቴና ግን ወደ ጫፉ ቀስ በቀስ እየወፈረ የሚሄድ ነው። ጥንዚዛውን በጀርባው አስተኝቶ ጭንቅላቱን ከሥር የተመለከተ ሌላ ምልክት ያገኛል። በካስታኒየም ሁለቱን ዓይኖች የሚለየው ክፍተት የአንዱን ዓይን ስፋት ያህል ነው፤ በኮንፊውዘም ክፍተቱ የዓይኑን ስፋት ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል። ይህን ለማየት ረቂቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጥሩ ማጉያ መነጽርና ብርሃን ይበቃል።

የአንቴናው ቅርጽ ለባለመጋዘኑ ምኑ ነው? ካስታኒየም በሞቃት አየር ይበራል፤ ኮንፊውዘም ክንፍ እያለው አይበርም። ካስታኒየም የተገኘበት መጋዘን ተባዩን ከጎረቤት መጋዘን፣ ከወፍጮ ቤት፣ ደጅ ላይ ከተደፋ ጥራጊ በአየር ሊቀበል ይችላል። እንዲህ ያለውን መጋዘን ብቻውን ማጠን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከጎኑ ያሉት ካልጸዱ ጥቂት ቆይቶ ተባዩ ተመልሶ ይገባበታል። መፍትሔው በአንድ ሰፈር ያሉ ባለመጋዘኖች ተስማምተው በአንድ ጊዜ ማጽዳታቸው፣ ጥራጊውንም ማቃጠላቸው ነው። የተገኘው ኮንፊውዘም ከሆነ ግን የገባው በጭነት ነው። ስለዚህ መመርመር ያለበት ሌላ ቦታ ነው፤ ተመልሶ የመጣው ባዶ ጆንያ፣ የጭነት መኪናው ወለል፣ ከሌላ አገር የተገዛው ዘር። በአንድ ዓይነት ዓይን የሚታዩት ሁለቱ ጥንዚዛዎች የሚጠይቁት ሥራ ይህን ያህል ይለያያል።

«መተማ ሞቃት ናት፤ ሞቃትን የሚወደው ካስታኒየም ነው፤ ስለዚህ ሳናይም እናውቃለን» የሚል ሊኖር ይችላል። ለዚህ መልስ የሚሰጥ የታወቀ ምርምር አለ። ቶማስ ፓርክ የተባለው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ እነዚህኑ ሁለት ጥንዚዛዎች ዱቄት በያዘ ብልቃጥ ውስጥ አብሮ እያኖረ፣ ሙቀቱንና እርጥበቱን እየለዋወጠ፣ አንደኛው ሌላውን እስኪያጠፋ ድረስ ይከታተል ነበር። በ1954 ባሳተመው ውጤት መሠረት ሙቀቱ 34 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እርጥበቱ 70 በመቶ በሆነበት ሁኔታ ሁልጊዜ ካስታኒየም አሸነፈ። ሙቀቱ 24፣ እርጥበቱ 30 በመቶ ሲሆን ሁልጊዜ ኮንፊውዘም አሸነፈ። ለቆላ አንባቢ ትልቁ ቁም ነገር ግን ሌላው ነው። ሙቀቱ እዚያው 34 ላይ ቆይቶ እርጥበቱ ብቻ ወደ 30 በመቶ ሲወርድ፣ ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል ያሸነፈው ኮንፊውዘም ነበር። ከሰኔ እስከ መስከረም መተማ ሞቃትና እርጥብ ናት፤ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ሞቃትና ደረቅ ናት። ሁለቱም የፓርክ ብልቃጦች በአንድ ዓመት ውስጥ በአንድ መጋዘን ይፈራረቃሉ ማለት ነው። የአየር ጠባዩን አይቶ ተባዩን መገመት እንደማያዋጣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ጥንዚዛውን አንስቶ አንቴናውን ማየት ይቀላል።

ሰሊጥ ላይ ደግሞ ሌላ ጥንድ አለ። ደረታቸው ግራና ቀኝ ስድስት ስድስት ጥርስ ያወጣ፣ ቀጫጭንና ጠፍጣፋ ጥንዚዛዎች ናቸው፤ ኦራይዜፊለስ ሱሪናሜንሲስ እና ኦራይዜፊለስ ሜርካቶር። የሚለያቸው ዋናው ምልክት ከዓይናቸው በስተኋላ ያለው የጭንቅላት ጠርዝ ነው፤ በሱሪናሜንሲስ ይህ ጠርዝ ከዓይኑ ርዝመት ግማሽ ይበልጣል፣ በሜርካቶር ከግማሽ ያንሳል። ሱሪናሜንሲስ በብዛት የእህል ተባይ ነው፤ ሜርካቶር የቅባት እህል ይወዳል። ሰሊጥና ማሽላ ጎን ለጎን በሚከመሩበት መጋዘን ይህ ልዩነት የትኛው ክምር ለየትኛው ሥጋት እንደሆነ ይናገራል።

ልዩነቱን አለማወቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በደንብ ያሳየችው ታንዛኒያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በታቦራ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች በቆሏቸውን እንደ ዱቄት የሚፈጭ ተባይ ገጠማቸው። በምሥራቅ አፍሪካ ከዚያ በፊት ከሚታወቀው ራይዞፐርታ ዶሚኒካ ከተባለው እህል ቦርቧሪ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም እንደ በርሜል ድብልብል ናቸው፣ ሁለቱም ጭንቅላታቸውን ደረታቸው ሥር ይደብቃሉ። ነገር ግን አዲሱ ተባይ ፕሮስቴፋነስ ትራንኬተስ የተባለው፣ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ የሆነው ነበር። በአካሉ ከፍ ይላል፤ ዋናው ምልክቱ ግን ጀርባው ላይ ነው። የራይዞፐርታ የክንፍ ሽፋን ወደ ጅራቱ ሲደርስ ለስለስ ብሎ ይወርዳል፤ የፕሮስቴፋነስ ግን እንደተቆረጠ ግንድ ቁልቁል ጠፍጣፋ ሆኖ ግራና ቀኝ ጠርዝ ያወጣል። ሲገባም ሳይታወቅ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1983፣ ድንበር ተሻግሮ ኬንያ ታቬታ ላይ ተገኘ፤ በ1984 ደግሞ በሌላው የአህጉሩ ጫፍ በቶጎ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ተሠራጭቷል።

ይህ ታሪክ የስም ጉዳይ ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ባላነሳሁት። ቁም ነገሩ መድኃኒቱ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ለነቀዝ በብዛት የሚታዘዘው ፒሪሚፎስ ሜቲል የነቀዝን ወገን በሚገባ ይገድላል፤ ፕሮስቴፋነስን ግን እምብዛም አይጎዳውም። በተቃራኒው ፐርሜትሪን ፕሮስቴፋነስን አጥብቆ ይገድላል፣ ነቀዝ ላይ ግን ደካማ ነው። ሁለቱ ተቀላቅለው አክቴሊክ ሱፐር የተባለው ዱቄት የተሠራው በዚህ ምክንያት ነው። አስቡት፤ ጎተራው ውስጥ ያለውን ጥንዚዛ በስሙ ያላወቀ ገበሬ የተመከረውን መድኃኒት በትክክለኛው መጠን ነስንሶ፣ ከሁለት ወር በኋላ ጎተራውን ሲከፍት ዱቄት ያገኛል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ የመድኃኒቱም አይደለም። በሁለቱ መካከል ተባዩን አይቶ የሚለይ ሰው አለመኖሩ ነው።

መተማን ከሌሎች የእህል አገሮች የሚለያት ግን ድንበር ላይ መሆኗ ነው። ከሱዳኗ ጋላባት ወዲህ ወዲያ እህል፣ ባዶ ጆንያ፣ የቤት ዕቃ፣ መኪና ይመላለሳል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች በዚሁ በር ገብተዋል፤ የሚረዱበት እህልም እንዲሁ በዚሁ አካባቢ ይራገፋል። በዚህ ሁኔታ ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው ጥንዚዛ ካፕራ ነው፤ በሳይንስ ስሙ ትሮጎደርማ ግራናሪየም። ትውልዱ የሕንድ ክፍለ አህጉር እንደሆነ ይታመናል፤ ሱዳንን ጨምሮ ከሰሜን አፍሪካ እስከ እስያ በሞቃትና ደረቅ አገሮች ይኖራል። አይበርም፤ የሚጓዘው ሰው በጫነው ጭነት ነው። ጎጂው እጩ ነው፤ ጸጉራም፣ ቢጫ ቡናማ፣ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ትል። ሁኔታው ሲከፋበት በግድግዳ ስንጥቅ፣ በወለል ፍንጣቂ፣ በጆንያ እጥፋት ገብቶ ለዓመታት ሳይበላ ይቆያል፤ እህል ሲመጣ ይነሳል። በዚህ እንቅልፉ ላይ እያለ የአጣኝ ጋዝን ከሌሎች ተባዮች በተሻለ ይቋቋማል። በዓለም ላይ የእህል ኳራንቲን ሥራ ከሚፈራቸው ተባዮች ሁሉ ግንባር ቀደም የሆነው ለዚህ ነው።

ታዲያ ካፕራ ዘመድ የበዛበት ነው። በትሮጎደርማ ወገን ውስጥ ከመቶ በላይ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ እህልን የሚጎዱ አይደሉም፤ የሞተ ነፍሳት፣ የወፍ ላባ፣ የቆዳ ቁራጭ እየበሉ ይኖራሉ። ቆዳና ሱፍ የሚበሉት የአታጌነስና የአንትሬነስ እጮችም ጸጉራሞች ናቸው። አንድ ጸጉራም ትል ከሰሊጥ ጆንያ ስፌት ውስጥ ቢወጣ፣ ካፕራ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን በዓይን ማወቅ አይቻልም። ዓለም አቀፉ የዕፅዋት ጥበቃ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚህ ተባይ ብቻ የሚሆን የመለያ መመሪያ አጽድቋል። መመሪያው እጩን ቆዳውን ገፍፎ፣ የአፉን ክፍሎች ነቅሎ በማይክሮስኮፕ ማየትን ይጠይቃል። በላይኛው ከንፈር የውስጥ ገጽ ጫፍ ላይ ያሉት የመዳሰሻ ጉጦች በካፕራ አብዛኛውን ጊዜ አራት ሆነው በአንድ ስብስብ ይገኛሉ፤ በብዙዎቹ ዘመዶቹ ቁጥራቸው ይበልጣል። በስምንተኛው የሆድ ቀለበት ላይ ያለው መስመርም በካፕራ ይደበዝዛል ወይም ይጠፋል። ይህ ሥራ ጥንቃቄና ልምምድ ይፈልጋል፤ ጀማሪ በአንድ ቀን አይካነውም። ግን የሚቻል ሥራ ነው፤ መማርም ይቻላል።

ካሊፎርኒያ ይህን ያወቀችው ዘግይታ ነው። ካፕራ እ.ኤ.አ. በ1953 በይፋ ሲታወቅ ለዓመታት እዚያው ሲራባ ቆይቶ ነበር፤ ቀደም ብሎ የተገኘው ከሌላ የተለመደ ጥንዚዛ ጋር ተምታቶ ታልፎ ነበርና። ከዚያ በኋላ ሙሉ መጋዘኖችን በሸራ ሸፍኖ በጋዝ የማጠን ዘመቻ ተጀመረ፤ ተባዩን ከአካባቢው ለማጥፋት እስከ 1966 ድረስ ወደ 11 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ። አሜሪካ እስከ ዛሬ በዚህ ጉዳይ ጥብቅ ናት፤ በ2011 ካፕራ ካለባቸው አገሮች ተጓዦች በሻንጣቸው የሚያመጡትን ሩዝ ሁሉ እንዳይገባ ከልክላለች። ሀብታም አገር እንዲህ ያለውን ስሕተት በገንዘብ ሊያርመው ይችላል። አንድ የሰሊጥ ምርት ዘመን የዓመት ኑሮ ለሆነለት የመተማ ገበሬ ግን ማረሚያው ከየት ይመጣል?

ስሕተቱ በሌላ በኩልም ሊመጣ እንደሚችል ማሰብ ይገባል። ከጎንደር ቆላ የሄደ ሰሊጥ በገዢው አገር ወደብ ላይ ሲፈተሽ ጸጉራም እጭ ቢገኝበትና ካፕራ ነው ቢባል፣ ጭነቱ ይመለሳል ወይም እንደገና ይታጠናል፤ ዋጋውም ስሙም ይወድቃል። እጩ ግን ቆዳ የሚበላ፣ ለእህል ጉዳት የሌለው ዘመዱ ሊሆን ይችላል። ይህን ተከራክሮ ለመርታት እዚህ የተጠበቀ ናሙና፣ የተመዘገበ ምርመራ፣ የተፈረመበት መለያ ያስፈልጋል። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ ለመንግሥት ተቆጣጣሪዎች የገቢና የወጪ ዕፅዋትና የዕፅዋት ውጤቶችን የመመርመር ሥልጣን ሰጥቷል። ሥልጣኑን እውነተኛ የሚያደርገው ግን ደንቡ ብቻ ሳይሆን ተቆጣጣሪው ያየውን ጥንዚዛ በስሙ መጥራት መቻሉ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። የመጀመሪያውና ጠንካራው «ጋዝ ሁሉንም ይገድላል፤ ስም ማወቅ ምን ይረባል?» የሚለው ነው። ፎስፊን ጋዝ በእርግጥ ከሞላ ጎደል ሁሉንም የጎተራ ጥንዚዛ ይገድላል፤ ግን ሁኔታ አለው። ጋዙ ሳይሾልክ ለቀናት ተይዞ መቆየት አለበት። የቆርቆሮ ግድግዳና ጣሪያ ያለው፣ በሩ ሥር ብርሃን የሚያስገባ ቤት ጋዝ አይዝም። ጋዙ ሲሾልክ ብርቱዎቹ ተርፈው ይራባሉ፤ ልጆቻቸውም የበለጠ ብርቱ ይሆናሉ። የዓለም የምግብና የግብርና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 ባካሄደው ዓለም አቀፍ ጥናት ይህ መቋቋም በብዙ አገሮች መታየቱን አረጋግጧል፤ ከዚያ በኋላ በራይዞፐርታና በካስታኒየም ላይ ተባብሷል። አውስትራሊያ ውስጥ ክሪፕቶሌስተስ ፈሩጂኒየስ የተባለች ጠፍጣፋ ትንሽ ጥንዚዛ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ መቋቋም በማሳየቷ፣ የጋዙ መጠንና የማቆያው ጊዜ ለእሷ ተብሎ እንደገና መቀመር ነበረበት። መጠኑ በዝርያው የሚወሰን ከሆነ ዝርያውን ሳያውቁ መጠኑን መወሰን አይቻልም። በዚያ ላይ ይህ ጋዝ ሰው ገዳይ ነው። ሰው በሚያድርበት ቤት ክኒኑን እህል ውስጥ መጨመር ቤተሰብ ይፈጃል፤ ስለዚህ ያለ አስፈላጊው ምክንያት የሚደረግ እያንዳንዱ እጥነት ከገንዘቡም በላይ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ አየር የማያስገባው ከረጢት ነው። ሦስት ንብርብር ያለው፣ ሁለቱ ውስጠኛ ላስቲኮች አየር የሚዘጉበት ጆንያ ውስጥ እህሉ ሲታሰር ጥንዚዛው ኦክስጅኑን ጨርሶ ራሱን ያፍናል። ይህ ያለ መድኃኒት የሚሠራ፣ በዝርያው ላይም የማይመረኮዝ ዘዴ ነው። ለቤተሰብ ማሽላ፣ ለዘር፣ ለማሾ እጅግ እደግፈዋለሁ፤ ለገበሬው ቤት ከሁሉ የተሻለው መፍትሔ እንደሆነም አምናለሁ። የንግድ ክምሩን፣ የባዶ መጋዘኑን ስንጥቅ፣ የድንበሩን ጭነት ግን አይመለከትም። ከረጢቱ ለገበሬው ቤት፣ መለያው ክፍል ለመጋዘኑና ለበሩ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሁሉንም ልዩነት እኩል እናሳድድ ማለቴ እንዳልሆነም ግልጽ ማድረግ አለብኝ። የበቆሎ ነቀዝና የሩዝ ነቀዝ የሚባሉት ሁለት ኩምቢያም ነቀዞች፣ ሲቶፊለስ ዚያሜይስና ሲቶፊለስ ኦራይዜ፣ የክንፍ ሽፋናቸው ላይ አራት ቀያይ ነጠብጣቦች ያሏቸው፣ እጅግ የሚመሳሰሉ ናቸው። ሳይንስ ራሱ ከመቶ ዓመት በላይ እያምታታቸው ቆይቶ ስማቸው የጠራው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። በእርግጠኝነት የሚለያቸው ወንዱን ሰንጥቆ የመራቢያ አካሉን ማየት ነው፤ በዚያሜይስ ላይኛው ገጹ ሁለት ቦይ አለው፣ በኦራይዜ ለስላሳ ነው። ይህ ለተመራማሪ አስፈላጊ ነው። ለመተማ ባለመጋዘን ግን ሁለቱም ፍሬው ውስጥ ገብተው የሚያድጉ፣ ሁለቱም የሚበሩ፣ ጎተራ ውስጥ በአንድ ዓይነት መንገድ የሚታገዱ በመሆናቸው፣ እነሱን በመሰንጠቅ ጊዜ ማጥፋት አይገባም። መለያው ክፍል ጉልበቱን የሚያውለው መልሱ ሥራውን በሚለውጥበት ላይ ነው። ካፕራ ነው አይደለም? ፕሮስቴፋነስ ነው አይደለም? የሚበር ነው ወይስ በጆንያ የመጣ? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከተመለሱ አብዛኛው ውሳኔ ይቀላል።

«ዘመኑ የዲኤንኤ ነው፤ ናሙናውን ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ አምቦ ልኮ ማስመርመር አይሻልም?» የሚሉም አሉ። የዲኤንኤ ምርመራ፣ በተለይ ተቆራርጦ የመጣ እጭ ሲያጋጥም፣ ውድ አገልግሎት ነው፤ ልንጠቀምበት ይገባል። ግን የዲኤንኤ መዝገብ ራሱ የተሠራው አስቀድመው በአካላቸው ተለይተው ስም ከተሰጣቸው ጥንዚዛዎች ነው፤ መጀመሪያ ላይ በአካል የተሳሳተ ስም መዝገቡም ውስጥ እንደተሳሳተ ይቀመጣል። ሌላው ርቀቱ ነው። ከገንዳ ውሃ አዲስ አበባ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ አይገኝም። መልሱ እስኪመጣ ጭነቱ ቆሞ አይጠብቅም፤ ነጋዴውም ይሁን ሾፌሩ ይህን አይሸከምም። በሩ ላይ ያለ ባለሙያ በግማሽ ሰዓት «ይህ ካፕራ አይደለም፤ ይለፍ» ማለት ከቻለ፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ አምቦ የሚላኩት አጠራጣሪዎቹ ብቻ ይሆናሉ። የእጅ ስልክ ፎቶም እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ የአንቴናውንና የጀርባውን ፎቶ ወዲያው መላክ ይቻላል። የእጩን የከንፈር ውስጥ ጉጥ ግን የትኛውም ስልክ ከጆንያው ላይ ሆኖ አያሳይም።

«ለእንዲህ ያለ ረቂቅ ነገር ሰው ከየት ይመጣል?» የሚለው ደግሞ የአካባቢውን ሰው ዕውቀት አሳንሶ የሚያይ ነው። የቆላው ገበሬ የማሽላን ዓይነት በዘለላው ቅርጽ፣ በፍሬው ቀለም፣ በገለባው ይለያል። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሁመራና የጎንደርን ነጭ ሰሊጥ ከወለጋው ለይቶ ደረጃ ያወጣል፤ ናሙና አውጥተው ቀለሙን፣ ንጽሕናውን፣ ባዕድ ነገሩን የሚመዝኑ ባለሙያዎች በዚህ ሥራ ይተዳደራሉ። ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የሰሊጥ ፍሬ ላይ ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚያደርግ ገበያ ሦስት ሚሊ ሜትር ጥንዚዛ ላይ የማያደርግበት ምክንያት የለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲና የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል በአቅራቢያው አሉ፤ ለባዮሎጂና ለዕፅዋት ሳይንስ ተማሪዎች ከዚህ የተሻለ የመመረቂያ ሥራ አይገኝም።

ወጪውም ቢሆን የሚያስፈራ አይደለም። የመለያ ማይክሮስኮፕ፣ ጥቂት የመሰንጠቂያ መርፌ፣ አልኮል፣ የመስታወት ጠርሙሶች፣ ናሙና ማስቀመጫ ሣጥንና የጸሐይ ኃይል መብራት ተደምረው አንድ የጭነት መኪና ሰሊጥ ከሚያወጣው እጅግ ያነሱ ናቸው። ዋናው ወጪ የሰው ነው፤ ባለሙያ ሠልጥኖ እንዳይለቅ ደመወዝና ደረጃ ሊኖረው ይገባል። በየሦስት ወሩ የሚቀያየር ተመዳቢ ይህን ሥራ አይሠራውም፤ የካፕራን እጭ በእርግጠኝነት ለመለየት በመቶዎች የሚቆጠሩ እጮችን ማየትን ይጠይቃልና። ኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና ላኪዎች ከሚከፍሉት የመጋዘን ወጪ ላይ ጥቂት ቢያዋጡ ክፍሉን ሊያቆሙት ይችላሉ፤ የሚያተርፉትም እነሱ ናቸው።

ሥራው መጀመር ያለበት እህሉ ሲገባ ሳይሆን ሳይገባ ነው። በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ፣ አሮጌው ምርት ወጥቶ አዲሱ ሰሊጥ ገና ማሳ ላይ ሳለ፣ መጋዘኖቹ ባዶ ይሆናሉ። በዚያን ጊዜ የወለሉን ስንጥቅ፣ የግድግዳውን ጥግ፣ በጥግ የተጠቀለለውን አሮጌ ጆንያ በብሩሽ ጠርጎ፣ የተገኘውን ጥንዚዛ፣ እጭና የተጣለ ቆዳ በጠርሙስ አድርጎ፣ የመጋዘኑን ስም፣ ቀኑንና ያደረበትን የምርት ዓይነት መጻፍ ይቻላል። በአንድ የምርት ዘመን ብቻ ከገንዳ ውሃ፣ ከኮኪትና ከመተማ ዮሐንስ መጋዘኖች እንዲህ የተሰበሰበ ናሙና ቢኖር፣ በዚህ ቆላ መጋዘን ውስጥ በእርግጥ የትኞቹ ጥንዚዛዎች እንዳሉ በስም የሚናገር የመጀመሪያው የአካባቢው መዝገብ ይሆናል፤ በጥቅምት ሰሊጡ ሲገባ የትኛው መጋዘን መጽዳት፣ የትኛው መታጠን፣ የትኛው ጭነት መቆየት እንዳለበት ባለሙያው መዝገቡን ገልጦ ይነግራል።